አሠልጣኙን ከማሰናበታችን በፊት

ባለፈው በጋ በአንድ ቅዳሜ ማለዳ ከመርሳ ወደ ወልድያ በሚመጣ ሚኒባስ ተሳፍረን ነበር። መኪናው ከመናኸሪያው ወጥቶ የሐብሩን ማሳዎች ግራና ቀኝ እየተወ መጓዝ እንደ ጀመረ፣ ከኋላችን በተቀመጡ ሦስት ወጣቶች መካከል ክርክር ተነሣ። ርእሱ የእግር ኳስ አሠልጣኝ ቅጥር ነበር። አንደኛው ወጣት ስም ያለው፣ ዋንጫ ያነሣ ሰው ከአዲስ አበባ መምጣት አለበት ይላል። ሁለተኛው፣ የአገሩን ልጅ፣ ማሊያውን የሚወድ፣ ሜዳውንና ሕዝቡን የሚያውቅ ሰው መቅጠር ይሻላል ብሎ ይሞግታል። ሦስተኛው ደግሞ ስምም ትውልድም ለኳስ አይጠቅሙም፤ ደረጃውን የጠበቀ የአሠልጣኝነት ላይሰንስ ያለው ሰው በውድድር ይቀጠር ባይ ነው። ክርክሩ እየጋለ ሄደ። በዚህ ጊዜ አጠገባችን የነበሩ በዕድሜ የገፉ አባት ዘወር አሉና፣ «ልጆቼ፣ ማንም መጣ ማን፣ አምስት ጨዋታ ካላሸነፈ ትሸኙት የለም እንዴ! ታዲያ በምርጫው ላይ እንዲህ መድከማችሁ ለምንድን ነው?» ቢሏቸው መኪናው በሙሉ ሣቀ።

ከወጣቶቹ አንዱ ከጥቂት ዓመታት በፊት ያስተማርነው ተማሪ ኖሮ፣ «ዶክተር፣ እርስዎ ምን ይላሉ? ፊዚክስ በዚህ ጉዳይ ላይ የሚለው ነገር አለ?» ሲል ጠየቀን። መንገዱ አጭር ስለ ነበር የሰጠነውም መልስ አጭርና ያልተሟላ ሆነ። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ የምንሰጠው የዘገየ መልስ ነው። ውድ አንባብያን፣ ስለ ኳስ ስልት ልናስተምራችሁ አንቃጣም፤ ሙያችን አይደለምና። የምናነሣው ጉዳይ ከላቦራቶሪያችን ጋር የተያያዘ ነው፤ ይኸውም አንድን ነገር ጥሩ ወይም መጥፎ ነው ብለን ከመፍረዳችን በፊት ምን ያህል ጊዜ ልንለካው ይገባናል የሚለው ጥያቄ ነው። እንደ እኛ አስተያየት የአዛውንቱ ቀልድ ከሦስቱም ወጣቶች ክርክር ይልቅ ወደ ቁም ነገሩ የቀረበ ነበር።

የቅርብ ጊዜ ታሪካችን

እንደሚታወቀው አገራችን የአፍሪካ ዋንጫን ያነሣችው አንድ ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ እርሱም በጥር 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተደረገው ውድድር ነው። በይድነቃቸው ተሰማ የተመራው ቡድናችን በመጨረሻው ጨዋታ የተባበረችውን ዐረብ ሪፐብሊክ (የዛሬዋን ግብፅ) በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸነፈ። ይህ ድል የሁላችን ኩራት ነው፤ ኩራትነቱም ይቀጥላል። ይሁን እንጂ በዚያ ውድድር የተካፈሉት አራት አገሮች ብቻ እንደ ነበሩና ዋንጫው በሁለት ጨዋታዎች እንደ ተገኘ የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው። በሁለት ጨዋታ የተገኘውን ድል ለስድሳ ዓመታት መለኪያ አድርገን፣ ከዚያ ወዲህ የመጣውን አሠልጣኝ ሁሉ በእርሱ ስንመዝን ኖረናል።

ከ31 ዓመታት መለየት በኋላ ቡድናችንን ወደ አፍሪካ ዋንጫ የመለሱት አሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው ናቸው። በ2005 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ ዋልያዎቹ የዋንጫው ባለቤት ከነበረችው ዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 ሲለያዩ ሕዝቡ በየአደባባዩ ጨፈረ። ከዚያ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸንፈው ተመለሱ። ያው ቡድን በዚያው ዓመት ለዓለም ዋንጫ በሚደረገው ማጣሪያ ምድቡን በአንደኝነት አጠናቅቆ እስከ መጨረሻው ዙር ደረሰ፤ በጥቅምትና በኅዳር 2006 ዓ.ም. በናይጄሪያ አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1፣ ካላባር ላይ ደግሞ 2 ለ 0 ተሸነፈ። ወዲያው በጥር ወር በደቡብ አፍሪካ በተካሄደው የአፍሪካ አገሮች ሻምፒዮና (ቻን) ሦስቱን የምድብ ጨዋታዎች አንድ ግብ እንኳ ሳያስቆጥር ተረታ፤ አሠልጣኙም ተሰናበቱ። በምትካቸው የተቀጠሩት ፖርቱጋላዊው ማሪያኖ ባሬቶ የቆዩት አንድ ዓመት ያህል ብቻ ነው። ከዚያ በኋላም መንበሩ በተደጋጋሚ ባለቤቱን ቀይሯል።

እዚህ ላይ የማን ስንብት ትክክል ነበር፣ የማን አልነበረም የሚለውን ለመፍረድ አንሞክርም። ልብ እንዲባል የምንፈልገው የመለኪያውን መጠን ነው። ለዓመታት የተሠራ ሥራ በሦስት ጨዋታ ይመዘናል። ከዚያም አዲሱ ሰው በተራው በጥቂት ጨዋታዎች ይመዘናል። አንድ ተማሪ የፔንዱለምን ወቅት ሦስት ጊዜ ብቻ ለክቶ የመሬት ስበት ተለውጧል የሚል ሪፖርት ቢያቀርብልን፣ ሪፖርቱን መልሰን «ልኬቱን ድገም» እንለዋለን። ስለ ኳስ ስንናገር ግን ይህን ትምህርት ከላቦራቶሪው በር ላይ ጥለነው እንወጣለን።

በባርኔጣ ውስጥ 10 ወረቀቶች

አንባቢ ራሱ ሊያደርገው የሚችል ቀላል ሙከራ እናቅርብ። አሥር ቁራጭ ወረቀት ይዘጋጅ። በአራቱ ላይ «ድል»፣ በሦስቱ ላይ «አቻ»፣ በቀሩት ሦስቱ ላይ «ሽንፈት» ይጻፍ። ወረቀቶቹ ባርኔጣ ውስጥ ተጨምረው ይደባለቁ። አንድ ወረቀት ሳናይ እናውጣ፣ የወጣውን እንመዝግብ፣ ወረቀቱን መልሰን እንጨምርና እንደገና እናደባልቅ። ይህን 30 ጊዜ እንድገመው። 30 ያልንበት ምክንያት 16 ክለቦች በደርሶ መልስ በሚጫወቱበት ሊግ እያንዳንዱ ክለብ በአንድ የውድድር ዘመን የሚያደርገው ጨዋታ 30 ስለሆነ ነው።

ይህ ባርኔጣ ጥሩ ቡድን ነው። በአማካይ በየጨዋታው 1.5 ነጥብ፣ በዓመቱ 45 ነጥብ ያገኛል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ባርኔጣው አይለወጥም፤ አይደክምም፣ አይኮርፍም፣ ስልቱን አያዛንፍም፣ ከተጫዋቾቹ ጋር አይጣላም። ከመጀመሪያው እስከ ሠላሳኛው ጨዋታ ብቃቱ አንድ ነው።

አሁን የአዛውንቱን ደንብ ሥራ ላይ እናውል፤ በተከታታይ አምስት ጨዋታ ሳያሸንፍ የቀረ አሠልጣኝ ይሰናበት። ይህ ጥሩ ባርኔጣ በ30 ጨዋታዎች ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ ከእንዲህ ያለ አዘቅት ውስጥ የመግባት ዕድሉ ምን ያህል ይመስላችኋል? ብዙ ሰው ሲጠየቅ ከመቶ አምስት ወይም አሥር ይላል። በዕድል ስሌት ተሰልቶ የሚገኘው መልስ ግን 64 በመቶ ነው። 50 ተማሪዎች ባሉበት ክፍል እያንዳንዱ ተማሪ የራሱን ባርኔጣ ይዞ ቢሞክር፣ 32 ያህሉ ፍጹም ጥፋት የሌለበትን አሠልጣኝ በዓመቱ ውስጥ ያባርራሉ ማለት ነው።

ነገሩን በነጥብ እንየው። የዚህ ባርኔጣ የአምስት ጨዋታ አማካይ ውጤት 7.5 ነጥብ ሲሆን፣ በዕድል ብቻ የሚመጣው መዋዠቅ (ስታንዳርድ ዲቪየሽን የምንለው) 2.9 ነጥብ ያህል ነው። ይኸውም ከአማካዩ 38 በመቶ ነው። በ30 ጨዋታ ግን አማካዩ 45፣ መዋዠቁ 7 ነጥብ ገደማ በመሆኑ ስሕተቱ ወደ 16 በመቶ ይወርዳል። የልኬት ስሕተት በልኬቶቹ ቁጥር ስኩዌር ሩት መጠን እንደሚቀንስ በመጀመሪያ ዓመት ላቦራቶሪ ያስተማርነው ነገር እዚህም አለ። ጨዋታው ስድስት እጥፍ ቢጨምርም ስሕተቱ የቀነሰው በሁለት ተኩል እጥፍ ብቻ ነው። በሙሉ የውድድር ዘመን እንኳ 52 ነጥብ ያገኘ ቡድን 45 ነጥብ ካገኘው የተሻለ ነው ብሎ በሙሉ ልብ መናገር አይቻልም። አምስት ጨዋታ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ከዚህ መገመት አያዳግትም።

አዲሱ አሠልጣኝ ለምን ተአምር ይሠራል?

«ነገር ግን አሠልጣኙ ሲቀየር ቡድኑ ይነቃል፤ በዓይናችን ያየነው ነው» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። ታይቷል፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ሊሆን ይችላል። ወደ ባርኔጣችን እንመለስ። አምስት ጨዋታ ሳያሸንፍ የቆየው ቡድን በነዚያ ጨዋታዎች አቻ ወይም ሽንፈት ብቻ ስለሚያገኝ፣ በአማካይ የሚሰበስበው 2.5 ነጥብ ነው። አሠልጣኙን እናባርርና ያንኑ ባርኔጣ አዲስ አሠልጣኝ ነው ብለን እንጥራው። በሚቀጥሉት አምስት ጨዋታዎች በአማካይ የሚያገኘው ምን ያህል ነው? እንደ ወትሮው 7.5 ነጥብ። ስሙን እንጂ አንድም ወረቀት ሳንለውጥ ውጤቱ በሦስት እጥፍ አደገ! ጋዜጦች አዲሱን ሰው ያሞግሳሉ፤ ደጋፊው በትከሻው ይሸከመዋል፤ የቦርዱ አባላትም የውሳኔያቸውን ትክክለኛነት ያዩ ይመስላቸዋል።

ይህ ክሥተት በስታትስቲክስ ወደ አማካይ መመለስ ይባላል። እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ጋልተን በ1886 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት የረጃጅም ወላጆች ልጆች ከአማካዩ ሰው ቢረዝሙም ከወላጆቻቸው ይልቅ ወደ አማካዩ እንደሚቀርቡ አሳየ። የሥነ ልቡና ሊቁና በ2002 እ.ኤ.አ. በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ዳንኤል ካኔማን ደግሞ ከእስራኤል አየር ኃይል የበረራ አስተማሪዎች ጋር ያጋጠመውን ጽፏል። አስተማሪዎቹ ጥሩ የበረረውን ሠልጣኝ ሲያመሰግኑት በሚቀጥለው በረራ እንደሚያንስ፣ መጥፎ የበረረውን ሲቆጡት ግን እንደሚሻሻል አስተውለው፣ ቁጣ ከምስጋና ይሻላል ብለው ደምድመው ነበር። በእውነቱ ግን እጅግ ጥሩም ሆነ እጅግ መጥፎ በረራ በከፊል የዕድል ውጤት በመሆኑ፣ ምስጋናም ቁጣም ባይኖር ቀጣዩ በረራ ወደ መካከለኛው መመለሱ አይቀርም።

በሌሎች ለማላገጥ አይደለም ይህን የምናነሣው፤ እኛም በዚሁ ወጥመድ ወድቀናል። ከውጭ አገር ትምህርታችንን ጨርሰን ማስተማር በጀመርንባቸው የመጀመሪያ ዓመታት በአንድ ፈተና እጅግ ዝቅተኛ ውጤት ያመጡ ተማሪዎችን ጠርተን ክፉኛ ተቆጣን። በሚቀጥለው ፈተና አብዛኞቹ ተሻሻሉ። ለዓመታት ያንን ቁጣ የማስተማር ችሎታችን ምስክር አድርገን ስናወራው ቆየን። ያልተቆጣናቸው ሌሎች ተማሪዎች ምን እንደሆኑ መዝገቡን ገልጠን ለማየት እንኳ አልሞከርንም። በጥናት ቋንቋ ማነጻጸሪያ ቡድን አልነበረንም። ዛሬ ስናስበው ያፍረናል።

በእግር ኳስ ግን ማነጻጸሪያ የፈለጉ ሰዎች አሉ። ባስ ተር ዌል የተባሉ የሆላንድ የኢኮኖሚ ተመራማሪ ከ1986 እስከ 2004 እ.ኤ.አ. ያለውን የአገራቸውን ሊግ መዝገብ መርምረው በ2011 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። ውጤታቸው አዘቅት ውስጥ በገባ ጊዜ አሠልጣኝ ያባረሩትን ክለቦች፣ በተመሳሳይ አዘቅት ውስጥ ሆነው አሠልጣኛቸውን ካቆዩት ጋር አነጻጸሩ። ሁለቱም ወገኖች አገገሙ፤ በማባረር የተገኘ የተለየ ጥቅም አልታየም። ያባረሩት ግን ማገገማቸውን የአዲሱ ሰው ሥራ አድርገው ቆጠሩት።

ታዲያ አሠልጣኝ ፋይዳ የለውም?

አንባቢ እስካሁን ካልነው ተነሥቶ ሁሉም ነገር ዕጣ ነው ወደሚል ድምዳሜ እንዳይደርስ እንሰጋለን። እንዲህ ያለ ድምዳሜም ስሕተት ነው። ባርኔጣው ሊለወጥ ይችላል። ጥሩ አሠልጣኝ የሚባለው፣ በጊዜ ብዛት ከሽንፈት ወረቀቶች አንዱን ወደ አቻ፣ ከአቻ ወረቀቶች አንዱን ወደ ድል የሚለውጥ ሰው ነው። አሠልጣኝ ገብረመድኅን ኃይሌ በ2010 ዓ.ም. ጅማ አባ ጅፋርን፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ መቀሌ 70 እንደርታን የፕሪሚየር ሊግ ሻምፒዮን አድርገዋል። በተከታታይ ሁለት ዓመታት፣ በሁለት የተለያዩ ክለቦች፣ በሁለት ሙሉ የውድድር ዘመኖች የተገኘ ውጤት ነው። ልኬቱ ሲደገምና ሁኔታው ሲለዋወጥ ውጤቱ ከጸና፣ ያን ጊዜ ዕድል ብቻ ነው ማለት ይከብዳል። ማስረጃ የምንለው ይህን የመሰለውን ነው።

ከግብ የተሻለ መለኪያም አለ። በጨዋታ አንድ ቡድን በአማካይ 1.3 ግብ ያስቆጥራል፣ 10 ጊዜ ደግሞ ወደ ግብ ይሞክራል እንበል። በአምስት ጨዋታ 6 ወይም 7 ግብና 50 ሙከራ ይኖረናል። በጋይገር ቆጣሪ ጨረር የቈጠረ ተማሪ እንደሚያውቀው፣ የቈጠራ ስሕተት የቈጠርነው ቁጥር ስኩዌር ሩት ነው። ስለዚህ የግቡ ስሕተት 39 በመቶ፣ የሙከራው ግን 14 በመቶ ይሆናል። ሙከራ ሁሉ እኩል አይደለም፤ ከሩቅ የተመታና ከግብ ጠባቂው ፊት የተመታ አይመሳሰሉም። ቢሆንም የሙከራው ቁጥር ሳይቀንስ ግብ ብቻ ከጠፋበት ቡድን ይልቅ፣ በግብ እያሸነፈ የሙከራው ቁጥር ከሳምንት ሳምንት የሚወርድ ቡድን ሊያሳስበን ይገባል።

በክርክሩ ዕለት በሚኒባሱ ካለፍናቸው ቦታዎች አንዱ ሲሪንቃ ነው። እዚያ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል አዲስ የማሽላ ዝርያ ለገበሬው ከመስጠቱ በፊት በአንድ ማሳ፣ በአንድ ክረምት ዘርቶ አይፈርድም። በአንድ ቦታ ውስጥ በተደጋጋሚ መደቦች፣ በተለያዩ ቦታዎችና ከአንድ በላይ በሆኑ ክረምቶች፣ ከነባር ዝርያ ጋር አነጻጽሮ ይሞክራል። ዝናብ ባነሰበት ዓመት ዝርያው ቢደክም «ይህ ዝርያ አይረባም» አይባልም፤ አጠገቡ ያለው ነባሩ ዝርያ ምን ሆነ ተብሎ ይጠየቃል። የሐብሩ ገበሬም ቢሆን በአንድ ክፉ ዓመት ምክንያት የዘር ጎተራውን አያራግፍም። ለማሽላ የምናደርገውን ጥንቃቄ ለሰው ብንነፍግ ያስወቅሰናል።

ስታዲየም ያለ መለኪያ

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። የወልድያ ከተማ እግር ኳስ ክለብ በ2007 ዓ.ም. የውድድር ዘመን በፕሪሚየር ሊግ ተጫውቶ በዚያው ዓመት ወረደ። በ2009 ዓ.ም. ተመለሰ። በዚያው ዓመት ጥር ወር 25 ሺህ ያህል ተመልካች የሚይዘው የሼህ መሐመድ ሁሴን አሊ አል አሙዲ ስታዲየም ተመረቀ። በአገሪቱ ካሉት ውብ ስታዲየሞች አንዱ በወልድያ ቆመ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ክለቡ ከፕሪሚየር ሊጉ ወረደ።

ይህን ስንጽፍ የምንወቅሰው ግለሰብ የለም። የሚያስቈጨን ግን አንድ ነገር አለ። ስታዲየሙ ሲሠራ የኮንክሪቱ ጥንካሬ፣ የሜዳው ስፋት፣ የመቀመጫው ቁጥር፣ የመብራቱ ኃይል ሁሉ አስቀድሞ በወረቀት ላይ ሰፍሮ ነበር፤ ያለዚያ ሕንፃ አይቆምም። በአገራችን አንድ ክለብ አሠልጣኝ ሲቀጥር ግን «በሁለት ዓመት ውስጥ የምንጠብቀው ይህ ነው፤ የምንለካውም በዚህ ነው» ተብሎ አስቀድሞ በይፋ ሲጻፍ እምብዛም አናይም። መለኪያው የሚወጣው ከሽንፈቱ በኋላ ነው። ቀስቱ ከተወረወረ በኋላ ዒላማውን እንደ መሳል ያለ ነገር ነው።

መለኪያ ማጣት ምን እንደሚያስከፍል በብሔራዊ ደረጃም አይተናል። በ2005 ዓ.ም. በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ዋልያዎቹ ቦትስዋናን በሜዳዋ ካሸነፉ በኋላ፣ በቢጫ ካርድ ምክንያት መሰለፍ የማይገባው ተጫዋች ተሰልፎ በመገኘቱ ፊፋ ሦስቱን ነጥብ ነጠቀን። ያን ነጥብ የወሰደብን የተቃራኒ ቡድን አጥቂ ወይም የአሠልጣኝ ስልት አልነበረም፤ በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ ሊያዝ የሚችል መዝገብ ነበር። እንዲሁም በ2014 ዓ.ም. ካፍ ስታዲየሞቻችን መስፈርቱን አያሟሉም በማለቱ ብሔራዊ ቡድናችን የሜዳውን ጨዋታ በሰው አገር ለመጫወት ተገደደ። ሌሎች መለኪያ ሲያወጡልን እንቈጣለን፤ ለራሳችን ማውጣቱን ግን ቸል ብለናል።

በዚህ ጉዳይ የሚከፈለው ዋጋ ነጥብና ዋንጫ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልጻፍን ነበር። በኅዳር 2010 ዓ.ም. ወልድያ ላይ ከመቀሌ ክለብ ጋር ሊደረግ የነበረው ጨዋታ ሰዎችን በጎዳ ግጭት ምክንያት ሳይካሄድ ቀርቷል። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ወር አዲስ አበባ ላይ በዳኛ ላይ በደረሰ ድብደባ የተነሣ የፕሪሚየር ሊጉ ውድድር ለጊዜው ተቋርጧል። የእነዚህ ክሥተቶች መንሥኤ ብዙ ነው፤ ፖለቲካውም አለበት፤ ሁሉንም በስታትስቲክስ ለማስረዳት አንደፍርም። ነገር ግን አንዱ ሥር እዚህ ላይ እንዳለ እናምናለን። ኳሷ ቋሚውን መትታ ስትወጣ ዕድል ነው ብሎ መቀበል ያልለመደ ሰው ጥፋተኛ ይፈልጋል። መጀመሪያ አሠልጣኙን፣ ቀጥሎ ዳኛውን፣ በመጨረሻም በተቃራኒው ማሊያ የመጣውን እንግዳ። ዕድል ምን ያህል ሚና እንዳለው የተረዳ ደጋፊ ያዝናል፣ ይቈጫል፣ ግን ድንጋይ አያነሣም።

ምን ይደረግ?

ሐሳባችን ጥቂትና ቀላል ነው። አንደኛ፣ ማንኛውም በሕዝብ ገንዘብ የሚተዳደር ክለብ አሠልጣኝ ከመቅጠሩ በፊት የሥራ መስፈርቱን በጽሑፍ ያውጣ። የላይሰንስ ደረጃ፣ ከዚህ ቀደም በሙሉ የውድድር ዘመን የታየ ሥራ፣ ከወጣት ቡድን ያሳደጋቸው ተጫዋቾች በመስፈርቱ ይካተቱ። የአገር ልጅም እንግዳም በዚሁ ሚዛን ይመዘኑ። በሚኒባሱ ውስጥ የተሟገቱት ሦስት ወጣቶች ሁሉም ከፊል እውነት ነበራቸው፤ የጎደላቸው የጋራ ሚዛን ነው።

ሁለተኛ፣ የግምገማው ጊዜ አስቀድሞ ይወሰን። ለምሳሌ ከ15 ጨዋታ በኋላ አንድ ጊዜ፣ ከ30 በኋላ ሁለተኛ ጊዜ ይሁን። በመካከሉ የሚመጣ የሽንፈት ሰሞን ለውይይት ምክንያት ይሁን እንጂ ለስንብት ምክንያት አይሁን። በሥነ ምግባር ጉድለት፣ ተጫዋችን በመበደል ወይም በገንዘብ ጥፋት የሚወሰድ እርምጃ ግን ቀን አይጠብቅም፤ እርሱ የልኬት ሳይሆን የሕግ ጉዳይ ነው።

ሦስተኛ፣ መዝገብ ይያዝ። ይህን የምንለው በተለይ ለእናንተ ለተማሪዎች ነው። በወልድያ ስታዲየም በሚደረግ እያንዳንዱ ጨዋታ፣ በመርሳና በሌሎች የሐብሩ ትምህርት ቤቶች ሜዳዎችም ጭምር፣ ሁለት ተማሪዎች ደብተርና እርሳስ ይዘው ቢቀመጡ የሙከራውን፣ የማዕዘን ምቱን፣ የካርዱንና የግቡን ደቂቃ መመዝገብ ይችላሉ። ውድ መሣሪያም ኮምፒውተርም አይጠይቅም። በሁለት ዓመት ውስጥ የሚጠራቀመው መዝገብ ለስታትስቲክስ፣ ለስፖርት ሳይንስና ለፊዚክስ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ፣ ለክለቡ ደግሞ የውሳኔ መሠረት ይሆናል።

ክለቡ መውረድ ቢያሰጋውስ? ገንዘቡ ቢያልቅስ? ቦርዱ 30 ጨዋታ የመጠበቅ ቅንጦት አለው ወይ? ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ጥበቃ ዋጋ የለውም አንልም። መጥፎ አሠልጣኝን ለአንድ ዓመት መታገሥ ጉዳት አለው። በሌላ በኩል ውሉ ላልተጠናቀቀ ሰው ካሣ፣ ለአዲሱ ደግሞ ደመወዝ መክፈል፣ አዲሱ ሰው የማይፈልጋቸውን ተጫዋቾች አሰናብቶ ሌሎችን ማስፈረም ሁሉ ወጪ ነው። ወልድያና አካባቢዋ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ በጦርነት ውስጥ ያለፉ ናቸው። ትምህርት ቤቱ፣ ሆስፒታሉ፣ ዩኒቨርሲቲው የደረሰበትን እናውቃለን። እንዲህ ባለ ስፍራ ያለ አንድ ብር እንኳ ያለ ማስረጃ ሊባክን አይገባውም። ስለዚህ ጥድፊያውን ከቅጥሩ በኋላ ሳይሆን ከቅጥሩ በፊት፣ በምርጫው ላይ እንድናደርገው እንመክራለን።

ሚኒባሱ ወልድያ መናኸሪያ ሲደርስ ክርክሩ አላለቀም ነበር። አዛውንቱ ዕቃቸውን እያነሡ፣ «እሺ ዶክተር፣ የመጣው ሁሉ ይቆይ ነው የሚሉን?» ሲሉ ጠየቁን። «አይደለም አባቴ፤ የምንሸኘው ሰው ለምን እንደ ተሸኘ እኛም እርሱም እንወቅ ነው የምንለው» አልናቸው። ጥቂት አሰብ አድርገው፣ «እርሱማ ለሰው ሁሉ ነው» ብለው ወረዱ።

እውነታቸውን ነው። መምህር በአንድ ፈተና፣ ተማሪ በአንድ ክፉ ቀን፣ ገበሬ በአንድ ድርቅ፣ አሠልጣኝም በአምስት ጨዋታ ሲመዘኑ የሚጎድለው የሚዛኑ ትዕግሥት ነው። እስኪ በዚህ ሳምንት አሥር ወረቀት ቁረጡና በክፍላችሁ ውስጥ ሙከራውን አድርጉ። ከመካከላችሁ ስንቱ ጥፋት የሌለበትን አሠልጣኝ እንዳባረረ ቁጠሩ። ከዚያ በኋላ ስለ ቅጥሩ እንከራከር።